ዙኦሎጂ፦ በምርጫ ቅጹ ላይ የማይገኘው ትምህርት

የፍሬሽማን ዓመቱን ጨርሶ የዲፓርትመንት ምርጫ የሚሞላ ተማሪ፣ ልጅነቱን ጉንዳን ሲከተልና የወፍ ጎጆ ሲያይ ያሳለፈ ከሆነ፣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚፈልገው «ዙኦሎጂ» የሚለውን ቃል ነው። አያገኘውም። ኬሚስትሪ አለ፣ ፊዚክስ አለ፣ ስታቲስቲክስ አለ፣ ባዮሎጂ አለ፤ ዙኦሎጂ የለም። ብዙዎች እዚህ ላይ «እንግዲህ በአገራችን አይሰጥም» ብለው ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ። ትምህርቱ ግን አለ፤ በሌላ ስም ሥር ተቀምጦ ነው።

ዙኦሎጂ እንስሳትን የሚያጠና ሳይንስ ነው። አካላቸው እንዴት እንደተሠራ፣ ምን በልተው የት እንደሚኖሩ፣ እንዴት እንደሚራቡ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚዛመድ ይመረምራል። «ሥነ እንስሳት» እያሉ የሚጽፉም አሉ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዲግሪ የሚሰጠው ባዮሎጂ ተብሎ ነው፤ ዙኦሎጂ በስሙ የሚወጣው ማስተርስ ላይ ሲደረስ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ግቢ የዙኦሎጂካል ሳይንስ ትምህርት ክፍል አለው፤ ነፍሳትን ወይም ዓሣን ወይም የዱር እንስሳትን ለይቶ ማጥናት የሚፈልግ ተመራቂ የሚያመለክተው እንዲህ ወዳለው ክፍል ነው።

ዙኦሎጂ ልማር ነው ያለን ልጅ ቤተሰቡም ጎረቤቱም የሚጠይቁት አንድ ነው፦ «የከብት ሐኪም ልትሆን ነው?» አይደለም። የእንስሳት ሕክምና ራሱን የቻለ፣ ረዘም ያለ፣ በዶክተር ማዕረግ የሚያስመርቅ ሙያ ነው፤ ቢሾፍቱ ያለው ኮሌጅ በዚህ የታወቀ ነው። የእንስሳት ሳይንስ የሚባለው ደግሞ ከግብርና ወገን ሲሆን ትኩረቱ እርባታ፣ መኖ፣ ወተትና ሥጋ ላይ ነው። የመጀመሪያው የታመመችውን ላም ያክማል፣ ሁለተኛው ላሟ ብዙ እንድትታለብ ያደርጋል፤ ዙኦሎጂስቱ ላሟን የነከሰው ዝንብ የትኛው ዝርያ እንደሆነና የት እንደሚራባ ይናገራል። ሦስቱ አንድ ማሳ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ መማሪያቸው ግን የተለያየ ነው።

አራተኛ መንገድም አለ። የዱር እንስሳትና ጥብቅ ቦታዎች አስተዳደር በመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል፤ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የወንዶ ገነት ኮሌጅ በዘርፉ ቀደምት ነው። ፓርክ ውስጥ መሥራት ብቻ የሚፈልግ ሰው ከባዮሎጂ ይልቅ ይሄኛው ሊቀርበው ይችላል። የትኛው ግቢ በየዓመቱ ምን እንደሚከፍት ስለሚለዋወጥ ከመሙላት በፊት ሬጅስትራሩን መጠየቅ ነው እንጂ የአምናን ወሬ ማመን አያዋጣም።

መግቢያው የታወቀ ነው። በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ማለፍ፣ ከዚያ የፍሬሽማን ዓመት፣ ከዚያ በውጤት ወደ ዲፓርትመንት መመደብ። ፍሬሽማን ላይ ሎጂክ፣ ሥነ ልቦና፣ እንግሊዝኛ፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብና ጠቅላላ ባዮሎጂ ይወሰዳሉ። በአጠቃላይ አራት ዓመት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ማለፍ ግድ ሆኗል። ባዮሎጂ ያለ ፍላጎት የሚመደቡበት ክፍል በመሆን ስሙ ይነሳል፤ ይህ ግን ፈልጎ ለሚገባው ተማሪ ጥቅም አለው፦ የመምህራኑ ጆሮ ክፍት የሚሆነው ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ነው።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ። ባዮሎጂ ዲፓርትመንት የገባ ሰው እፅዋትንም፣ ረቂቅ ተሕዋስያንንም፣ ፈንገስንም ይማራል፤ እንስሳት የሚበዙባቸውን ኮርሶች ለይቶ ማወቅ የራሱ ፋንታ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው የኢንቨርቴብሬት ዙኦሎጂ ነው፤ አከርካሪ የሌላቸው እንስሳት ጥናት። አንበሳና ዝሆን ጠብቆ የመጣ ተማሪ ከሰፍነግ፣ ከትላትልና ከቀንድ አውጣ ጋር አንድ ሙሉ ሴሚስተር ሲያሳልፍ ቅር ይለዋል። ቁጥሩን ሲያይ ግን ነገሩ ይገባዋል። ሳይንሳዊ ስም የወጣላቸው ነፍሳት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ዝርያ በላይ ናቸው፤ አጥቢዎች በሙሉ ተሰብስበው 6,500 ገደማ ቢሆኑ ነው። የእንስሳት ዓለም ማለት በአብዛኛው ስድስት እግር ያለው ዓለም ነው።

ቀጥሎ የቨርቴብሬት ዙኦሎጂ አለ፦ ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ ተሳቢ እንስሳት፣ ወፍ፣ አጥቢ። ከዚህ ጋር ጀነቲክስ፣ ዝግመተ ለውጥ፣ ሥነ ምህዳር፣ የእንስሳት ፊዚዮሎጂ፣ ኢንቶሞሎጂ ማለትም የነፍሳት ጥናት፣ ፓራሲቶሎጂ ማለትም የጥገኛ ተሕዋስያን ጥናት፣ እንደየግቢው ደግሞ የዓሣ ሀብትና የዱር እንስሳት ኮርሶች ይመጣሉ። ኬሚስትሪና ባዮኬሚስትሪም አይቀሩም፤ ከኬሚስትሪ ሸሽቶ ባዮሎጂ የገባ ሰው ሁለተኛ ዓመት ላይ ደጁ ቆሞ ያገኘዋል።

ከሁሉ በላይ የሚፈራውና የሚዘለለው ባዮስታቲስቲክስ ነው። እኔ ለአንድ ታናሽ ወንድም የምመክረው ቢሆን፣ ይሄን ኮርስ ኤ ለማምጣት እንዲታገል ነው የምነግረው። የእንስሳት ጥናት መጨረሻው ቆጠራ ነውና። አንድ ሰው ሰንቀሌ የዱር እንስሳት መጠለያ ሄዶ ቆርኬ ሊቆጥር ቢል፣ እየዞረ ያየውን ሁሉ መደመር አይችልም፤ ያው አንድ ቆርኬ ሦስት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል፣ ቁጥቋጦ ውስጥ የተኛው ደግሞ ጨርሶ አይታይም። ስለዚህ ትራንሴክት የሚባል ቀጥ ያለ መስመር ያወጣል፤ በመስመሩ እየሄደ ያየውን መንጋ ከነርቀቱ ይመዘግባል፤ ከዚያ ያላየው ምን ያህል እንደሚሆን በስሌት ይገምታል። ያላዩትን መገመት፣ ግምቱም ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል መናገር፣ ይሄ ነው ስታቲስቲክስ። ኮምፒውተር ላይ «አር» የተባለውን ነፃ ፕሮግራም የሚያውቅ ምሩቅ ከማያውቀው ጋር እኩል አይሰለፍም። የካርታ ሥራ፣ ጂአይኤስ የሚሉትም እንዲሁ ነው።

የላብራቶሪው ሥራ ሌላው ነው። እንቁራሪት መቅደድ ሁሉም የሚያስታውሰው ነገር ቢሆንም፣ በሥራ ላይ የሚያስፈልገው ሌላ ችሎታ ነው፦ መለየት። በኢንቶሞሎጂ ኮርስ ነፍሳትን በመረብ ይዞ፣ በመርፌ ወግቶ፣ ክንፉን ዘርግቶ፣ የት፣ መቼ፣ በማን እጅ እንደተያዘ በጥቃቅን ወረቀት ጽፎ በሣጥን ማስረከብ የተለመደ የቤት ሥራ ነው። ወረቀቷ ከነፍሳቱ ትበልጣለች፤ ቦታና ቀን የሌለው ናሙና ጌጥ ብቻ ነው። ከዚያ የመለያ ቁልፍ የሚባለው መጽሐፍ ይከፈታል። «ክንፉ ሁለት ነው ወይስ አራት? ሁለት ከሆነ ወደ 7 ሂድ፤ አራት ከሆነ ወደ 3 ሂድ።» እንዲህ እየተባለ እስከ ዝርያው ስም ይደረሳል። ዓይን የሚጨርስ፣ ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነው።

ይህ ትዕግሥት ምን እንደሚያተርፍ ለማየት ወደ ቀብሪ ደሃር እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2016 በዚያች የሶማሌ ክልል ከተማ ትንኝ ሲሰበሰብ፣ ከተያዙት መካከል እንደ ሌሎቹ ያልሆነ ተገኘ። በመልኩም በዘረ መሉም ሲመረመር አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ሆነ፤ ከእስያ የመጣ፣ በኢትዮጵያ ተመዝግቦ የማያውቅ የወባ ትንኝ። እዚህ አገር ወባ የሚያዛምተው ዋናው ትንኝ ዝናብ የፈጠረው ኩሬ ላይ ይራባል፤ ስለዚህ ወባ የገጠርና የክረምት መውጫ በሽታ ተብሎ ይታሰብ ነበር። እንግዳው ግን በበርሜል፣ በሮቶ፣ ለግንባታ በተጠራቀመ ውኃ ይራባል፤ ከተማ ይወዳል፣ በጋም አያግደውም። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ በደረቁ ወራት በወባ ስትመታ ከጀርባው ይኸው ትንኝ እንደነበረበት በጥናት ታይቷል። ልዩነቱን ያወቀ ዓይን ባይኖር ኖሮ ትንኙ ከሌሎቹ ጋር «ወባ አስተላላፊ» ተብሎ በአንድ ብልቃጥ ይገባ ነበር፤ መከላከያውም ኩሬ ማፋሰስ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ከዚህ ቀደም ያለ ታሪክ ደግሞ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አስተዋሉ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለበት፤ ቀንድ አውጣው ከሞተ መንገዱ ተቆረጠ ማለት ነው። ከዚያ ምልከታ ብዙ ዓመት የፈጀ ምርምር ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋም በስማቸው ይጠራል። እንዶድ ልብስ እንደሚያጠራ አገር ያውቃል፤ የሞተውን ቀንድ አውጣ ጎንበስ ብሎ ያየ ግን እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ሥራው የት ነው? ሳንሸፋፍን እንነጋገር። የባዮሎጂ ዲግሪ ይዞ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው፤ «ዙኦሎጂስት» የሚል የሥራ መደብ ያለበት ማስታወቂያ ደግሞ ከስንት አንዴ ነው። ማስታወቂያው የሚለው «ባዮሎጂ ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ» ነው፤ ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ከሥር የተዘረዘረውን ተግባር ማንበብ ያስፈልጋል።

ብዙውን ምሩቅ የሚወስደው መምህርነት ነው። የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ለመሆን ከዲግሪው በኋላ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ይወሰዳል። ይሄን እንደ ውድቀት የሚያዩት አሉ፤ አልስማማም። ገጠር የተመደበ መምህር በዙሪያው ያለውን ወፍ፣ ዓሣና ነፍሳት ከዓመት ዓመት የማየት ዕድል አለው፤ ብዙ ተመራማሪ የማያገኘው ዕድል ነው።

የጤናው በር ሁለተኛው ነው። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በመሳሰሉ ተቋማት ትንኝ፣ አሸዋ ዝንብና ጥገኛ ተሕዋስያን ይጠናሉ። አንድ ጥንቃቄ፦ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ የሕመምተኛ ደም መመርመር የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያ ሥራ ነው፤ የራሱ ዲግሪና የሙያ ፈቃድ አለው። የባዮሎጂ ዲግሪ ያንን አይተካም። «ላብ ነው፣ ያው ነው» ብሎ ገብቶ በመጨረሻ የተጸጸተ ብዙ ነው።

ግብርና ከሚታሰበው በላይ ዙኦሎጂስት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የበረሃ አንበጣ ምሥራቁንና ሰሜኑን ሲያጠቃ፣ መንጋው የት እንቁላል እንደጣለና ኩብኩባው መቼ ክንፍ እንደሚያወጣ ማወቅ የርጭቱን ቀን ይወስን ነበር። በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ከብት ገንዲ በተባለ በሽታ የሚፈጀውን የቆላ ዝንብ ደግሞ በሌላ ዘዴ ይታገሉታል። ቃሊቲ ባለው ማራቢያ ዝንቡ በብዛት ይረባል፤ ወንዱ በጨረር ይመክናል፤ ከዚያ ሜዳ ላይ ይለቀቃል። ሴቷ የቆላ ዝንብ ብዙውን ጊዜ በሕይወቷ የምትገናኘው አንዴ ነው፤ ያ አንዴ ከመካኑ ጋር ከሆነ ዘር የለም። እዚያ የሚሠራ ሰው የዝንብን ጋብቻ የሚያውቅ ሰው ነው ብል አልተሳሳትኩም። ሰበታ ያለው የዓሣና የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከልና ሆለታ ያለው የንብ ምርምር ማዕከልም በዚሁ ረድፍ ናቸው። ማርና ዓሣ ገንዘብ የሚያመጡ ነገሮች ስለሆኑ፣ የራሱን ሥራ መጀመር ለሚያስብ ወጣት ከሌሎቹ የተሻለ መሬት ያላቸው ይመስለኛል።

ሁሉም የሚያልመው የዱር እንስሳት ጥበቃ ነው፤ ቦታው ግን ጠባብ ነው። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ የክልል ፓርኮች፣ የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር፣ ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮን የሚከታተለው ፕሮጀክት፤ ጥቂት ሰው ነው የሚይዙት። ሥራውም ፊልም ላይ እንደሚታየው አይደለም። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ የሚገድላቸው በአብዛኛው አዳኝ ሳይሆን ከእረኛ ውሾች የሚመጣ በሽታ፣ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ የቀበሮ ጠባቂው ጉልህ ድርሻ ውሻ ማስከተብና ከባለ ውሻው ጋር ቡና እየጠጡ መነጋገር ነው። ሰው የማይወድ ሰው እንስሳ መጠበቅ ይቸግረዋል። ከዚሁ ጎን የወፍ ተመልካቾችን ማስጎብኘት አለ፤ በአገሪቱ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል፤ በድምፅ ብቻ የሚለይ አስጎብኚ ተፈላጊ ነው። ለዚህ ዲግሪውም ግድ አይደለም፤ ጆሮ ነው።

የእንስሳት ማቆያዎችስ? የአዲስ አበባው ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው፤ የአንድነት ፓርክም ተጨምሯል። ቅጥሩ በጣት የሚቆጠር ቢሆንም ለምርምር ያላቸው ዋጋ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የአንበሳ ግቢውን 15 አንበሶች ዘረ መል መርምሮ ከሌሎች ከተነጻጸሩት አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ሰው ሁሉ ልጁን ይዞ ፎቶ የሚነሳበት አጥር ውስጥ የነበረ ግኝት ነው።

በአሜሪካ ላሉ ቤተሰቦች አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጃቸው «እንስሳት ማጥናት እፈልጋለሁ» ሲላቸው የሚደነግጡ አሉና። እዚያም ዙኦሎጂ በስሙ የሚሰጥባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ጥቂት ናቸው፤ ብዙዎቹ ባዮሎጂ ብለው በውስጡ የእንስሳት ዘርፍ ያስመርጣሉ። የፌዴራል መንግሥቱ የዱር እንስሳት ባዮሎጂስት ሲቀጥር ግን የዲግሪውን ስም ብቻ አይቶ አያልፍም፤ ትራንስክሪፕቱን ይቆጥራል። ቢያንስ 9 ክሬዲት የዱር እንስሳት ኮርስ፣ 12 ክሬዲት ዙኦሎጂ፣ 9 ክሬዲት ደግሞ እፅዋት ይጠይቃል። እፅዋቱን የሚረሱት ብዙዎች ናቸው፤ አራት ዓመት እንስሳ ብቻ መርጦ የወሰደ ተማሪ በሁለት ወይም ሦስት የእፅዋት ኮርስ ጎድሎ ሊመለስ ይችላል። ከኢትዮጵያ ተመርቆ ወደ ውጭ ለሚሄድም ይኸው ይሠራል፦ ከትራንስክሪፕቱ ጋር የየኮርሱን ዝርዝር ይዘት ግቢ ሳለ ማስወጣት፣ ኋላ ባሕር ማዶ ሆኖ በዘመድ ከማስፈለግ ያድናል።

ማስተርስ ላይ መድረስ የሚፈልግ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ማለፍ አለበት። ከፈተናው በላይ ግን የሚያስኬደው አንድ ነገር ነው፤ እሱም የመጨረሻው ዓመት ሲኒየር ፕሮጀክት። ብዙ ተማሪ ከአምና ተማሪ ኮፒ አድርጎ የሚገላገለው ነገር ነው። ያለ ብር የሚሠራ ግን ሞልቷል። ሐዋሳ ያለ ተማሪ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ የሚሰበሰቡትን ማራቡ አሞራዎች በየሰዓቱ ሊቆጥር ይችላል፤ ባሕር ዳር ያለው ጣና ዳር ሄዶ ዓሣ አስጋሪዎች የያዙትን በዓይነትና በመጠን ሊመዘግብ ይችላል፤ ድሬዳዋ ያለው የሰፈሩን ሮቶዎች ከፍቶ የትንኝ እጭ ያለበትንና የሌለበትን ሊለይ ይችላል። የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስ፣ ሰዓትና የባለቤቶቹ ፈቃድ ነው። እርሳስ ያልኩት አውቄ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም ዝናብ ሲነካው ይፈሳል።